በጀልባ ወለል ሥር የውሃ ማውጫ ፓምፕ ስለ መግጠም

ጥያቄ (ከገላን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ገላን በሚገኘው ግቢያችን 5 ሜትር ተኩል ርዝመት ያላት የፋይበርግላስ ጀልባ እያደስን ሲሆን፣ ሥራው ሲያልቅ በተጎታች ጭነን ወደ ዝዋይ ሐይቅ እንወስዳታለን። የወለሉን ኮምፔርሳቶ ከመዝጋታችን በፊት፣ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ መግጠም እንፈልጋለን። የጀልባዋ ሆድ ስስ ስለሆነ በብሎን መብሳቱ አሳስቦኛል። በሰዓት 1,900 ሊትር ያወጣል የተባለውስ ይበቃል?

መልስ (ከቃሊቲ)፦
ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሆዷን ፈጽሞ አይብሱት። መዳፍ የምታህል ወፍራም ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ወስደው ሁሉንም ጎኗን ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ተደባልቆ የሚደርቅ ሙጫ) ካጠጧት በኋላ፣ የምታርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው በዚያው በኢፖክሲ ያጣብቋት፤ የፓምፑን መቀመጫ በላይዋ ሲያስሩ ደግሞ ብሎኑ ከእንጨቷ ውፍረት ማጠሩን አስቀድመው ይለኩ። ቦታው ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትሆን ዝቅ የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ነው። ከሁሉ አስበልጬ የማሳስብዎ ግን፣ ከፓምፑ በላይ ወለሉ ላይ ክንድ የሚያስገባ ተከፋች ክዳን እንዲተዉ ነው። ቅጠል ወይም የማጥመጃ ክር ወንፊቱን ሲደፍነው እጅዎ ካልደረሰ፣ አዲሱን ወለል መልሶ መቁረጥ ይመጣል።

መልስ (ከሰበታ)፦
ስለ መጠኑ ልጨምር። 1,900 ሊትር የተባለው ውሃው ምንም ከፍታ ሳይወጣ የተለካ ነው፤ ውሃው የሚወጣበት ጎማ (ቱቦ) ሽቅብ ሲወጣ፣ ሲታጠፍ ወይም ውስጡ ሸንተረራማ ሲሆን በእጅጉ ይቀንሳል። በአንጻሩ ከውሃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በሰዓት 10,000 ሊትር ያህል ያስገባል። ስለዚህ ፓምፑ ለዝናብና ለማዕበል ርጭት ይበቃል እንጂ ለተቀደደች ጀልባ አይደርስም፤ ባልዲ አይለያት። መውጫውን ጀልባዋ ሙሉ ጭነት ይዛ እንኳ ከውሃው ገጽ በላይ በሚቀር ቦታ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ፓምፑ ሲቆም ሐይቁ በዚያው ጎማ ተመልሶ ይገባል።

ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፍፎ ፓምፑን በራሱ የሚያስነሳው ስዊች በዋናው ማጥፊያ በኩል ሳያልፍ፣ ለባትሪው በቀረበ የራሱ ፊውዝ በቀጥታ ይገናኝ። ሰው በሌለበት ሌሊት ዝናብ ቢጥል በራሱ የሚነሳው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። የሽቦውን መገጣጠሚያ ውሃው ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ያድርጉት፤ ሥር ከተተወ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣና ይበላል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውሃው እንዳይመለስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ባስገባስ? ጀልባዋ ክረምቱን ግቢ ውስጥ ስለምትቆይ፣ ዝናቡንስ ለፓምፑ ልተወው?

መልስ (ከቃሊቲ)፦
ቫልቩ ቢቀር ይሻላል፤ ቆሻሻ ሲይዘው ተከፍቶ ወይም ተዘግቶ ይቀራል፣ ፍሰቱንም ያዳክማል። ግቢ ውስጥ ግን ፓምፑ ባትሪውን እንዳይጨርስ፣ የጀልባዋን አፍንጫ ከፍ አድርገው ከኋላ ያለውን የማፍሰሻ ቡሽ ይንቀሉት። ቡሹንም መሪው ላይ በክር ይሰሩት፤ ዝዋይ ላይ ሳይገጥሙት ወደ ውሃ እንዳያወርዷት።