ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ለሚጨንቃቸው ሰዎች ምን ይረዳል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጭንቅላት ኤምአርአይ (ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተኝተው በማግኔት የውስጥ አካል ምስል የሚነሱበት ምርመራ) የታዘዘላቸው፣ ግን ጠባብ ቦታ የሚያስፈራቸው ሰዎች እንዴት ቢዘጋጁ ይሻላል? «አይዞህ፣ ምንም የለውም» ማለት ብቻውን አይሠራም። ቀጠሮው አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤት ውስጥ የሚሠሩትንና እዚያው ተኝተው የሚይዙትን ዘዴ በዝርዝር ብትጽፉልኝ።

መልስ 1፦
ዋናው ዓይን ነው። አልጋው መንቀሳቀስ ሳይጀምር መጨፈን አለበት። ብዙ ሰው የሚጨፍነው ከገባ በኋላ፣ ጣሪያው አፍንጫው ሥር መድረሱን ካየ በኋላ ነው፤ ያኔ ምስሉ አእምሮው ውስጥ ገብቷል፣ ቢጨፍንም አይለቀውም። ዓይኑን እንደሚከፍት የሚጠረጥር ሰው ጨርቅ እንዲሸፍኑለት ይጠይቅ። ማየት የሚያረጋጋው ደግሞ አለ፤ ለእሱ ጭንቅላቱ ላይ በሚደረገው ማቀፊያ ላይ መስተዋት ካለ በዚያ በኩል እግሩንና ክፍሉን ያያል።

ልኩንም ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፦ የተለመደው ማሽን ቀዳዳ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ የሰፊው 70 ነው። ሁለቱም ጫፍ ክፍት ስለሆነ አየር አያልቅም።

መልስ 2፦
«በረጅሙ ተንፍስ» የሚባለው ምክር ብዙ ሰው ያበላሻል። የፈራ ሰው አየሩን ደጋግሞ ሲስብ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱና ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ደረቱ ይጠብቃል። ይህንኑ «ታፈንኩ» ብሎ ይተረጉመውና ይብስበታል።

ስለዚህ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። ትንሽ አየር ይበቃል፤ የሚረዝመው ማስወጣቱ ነው። ሆድ ይነሳ እንጂ ትከሻ አይነሳ፤ ትከሻ ሲነሳ ጭንቅላት ይነቃነቃል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ጡንቻ አጥብቆ የመልቀቅ ልምምድም ከመግባት በፊት ይሠራ፤ ውስጥ ሲሆኑ መልቀቁ ብቻ።

መልስ 3፦
ለሳምንቱ ልምምድ፦ ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ትልቅ ካርቶን ወለል ላይ አድርጎ፣ በጀርባ ተኝቶ ጭንቅላትንና ትከሻን ማስገባት። መጀመሪያ 2 ደቂቃ፣ ከዚያ 5፣ 10፣ 20። በኋላ የማሽኑን የተቀዳ ድምፅ መጨመር፤ ኳኳታው ድንገት ሲመጣ ነው የሚያስደነግጠው።

ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። 8 ላይ ደርሶ ዘሎ የወጣ ሰው አእምሮው «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይማራል፣ ቀጣዩም ይከብደዋል። 8 የነበረው 4 እስኪሆን መቆየት ነው ሕክምናው። ፍርሃት እንደ ማዕበል ይወጣል፣ ካልሸሹት ይወርዳል።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። እጅ ላይ የሚሰጡት የጎማ መጥሪያስ? ይዞ መግባቱ ለመውጣት ማሰብ አይሆንም?

መልስ 1፦
አይሆንም። ከመግባቱ በፊት አንዴ ጨምቆ ሲጠራ ይስማው፤ መውጫው በእጁ መሆኑን ያመነ ሰው መቆየት ይቀለዋል። ባለሙያውንም «ምስሉ በስንት ዙር ነው የሚነሳው? እያንዳንዱስ ስንት ደቂቃ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፣ በየመሀሉም በማይክሮፎን እንዲነግሩት ይስማማ። 30 ደቂቃ መታገሥ ከባድ ነው፤ «ይቺ 4 ደቂቃ ናት» ግን ይቻላል። ምራቅ መዋጥ ኳኳታው ሲቆም ነው፤ ጭንቅላት ግን ያን ጊዜም ከቦታው አይነሳ፣ የሚቀጥለው ዙር ካለፈው ጋር አይገጥምምና።