«ዝናብ ያጥበዋል» ስለተባለው የከተማ አቧራ

ትዕግሥት፦ አንድ ባለሙያ በራዲዮ ቀርበው «የመንገድ አቧራ አፈር ነው፤ ያስነጥሳል እንጂ አይመርዝም፤ ደግሞም ዝናብ ያጥበዋል» ሲሉ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። ተሽከርካሪ በሚበዛበት መንገድ የሚነሣው ብናኝ ከፍሬን ሸራ የተፋቀ መዳብና አንቲሞኒ የተባለ ብረት፣ ከጎማ የወጣ ዚንክ፣ የናፍጣ ጥላሸት፣ ከአሮጌ ቀለም የረገፈ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት። ወላጆችን የሚያዘናጋ ንግግር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ ቁጣዎ ይገባኛል፤ ሆኖም በአቧራው ውስጥ ብረት መገኘቱና ብረቱ ወደ ደም መግባቱ ለየቅል ናቸው። ቤተ ሙከራ ናሙናውን በጠንካራ አሲድ አሟሙቶ የሚያወጣው ቁጥር በሰው ጨጓራ ውስጥ ከሚሟሟው ድርሻ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ሳይለዩ ሕዝብን ማስደንገጥም ጉዳት ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ስለ መሟሟት ያሉትን እቀበላለሁ፤ «ዝናብ ያጥበዋል» የሚለውን ግን ዘለሉት። እርሳስ ንጥረ ነገር እንደመሆኑ አይበሰብስም፣ ተቃጥሎም አያልቅም። ጎርፍ ከአስፋልቱ ወደ ቦዩና ወደ መንገድ ዳር አፈር ያወርደዋል፤ አፈሩ ሲደርቅ ነፋስና ጎማ መልሰው ያነሡታል። እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን በመሸጥ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች፤ እርሷም ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ከአሥርተ ዓመታት በፊት ባቆሙ ከተሞች እንኳ የዚያ ቤንዚን እርሳስ እስከ ዛሬ በመንገድ ዳር አፈር ውስጥ ይገኛል። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን የዘነበው ዝናብ ለምን አላጠበውም?

መሐንዲሱ፦ ከአንድ ሙሉ ንግግር ሁለት ቃል መዝዘው ሰውን መክሰስ ተገቢ አይደለም። ዝናብ አየር ላይ የተንሳፈፈውን ብናኝ እንደሚቀንስ በልኬት የታወቀ ነው፤ ባለሙያውም ይህንኑ ማለታቸው ይመስለኛል። የጤና ጉዳት የሚወሰነው በመጠን ነውና ስለ መጠን እንነጋገር።

ነርሷ፦ ስለ መጠን ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት እንደማያስከትል የተረጋገጠ የእርሳስ መጠን በደም ውስጥ የለም ይላል። ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ድርሻ የአዋቂውን ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱም በማደግ ላይ ባለው አንጎላቸው ላይ ይበረታል። የሚድኽ ሕፃን መዳፉን ወለሉ ላይ ያሳርፋል፤ በምራቅ የራሱት ጣቶቹ ላይ ብናኙ ይጣበቃል፤ እጁም ተመልሶ ወደ አፉ ይሄዳል። ይህ አቧራ በጫማ ሶልና በመስኮት ወደ ቤት የገባ ነው፤ ጣሪያ ሥር ላለ አቧራ ዝናብ አይደርስለትም።

ዮናስ፦ ሁላችሁም መንገድ ጠራጊዎቹን ረሳችኋቸው። ውኃ ሳይረጭ በደረቁ የሚያስጠርግ ኃላፊ ደቃቁን ብናኝ በቀጥታ ወደ ሳንባቸው ይልካል። ዋናው ምንጭ ተሽከርካሪ ስለሆነ መፍትሔውም የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

መሐንዲሱ፦ የኤሌክትሪክ መኪናም ጎማ አለው፤ ባትሪው ስለሚከብድም የጎማው መፋቅ ሊጨምር ይችላል። ጭሱ መቅረቱ አንድ ነገር ነው፤ አቧራው ቀረ ማለት ግን አይደለም።

ትዕግሥት፦ ይህን ካመኑ ንግግሩ በዚያው ራዲዮ እንዲታረም አብረውን ይጠይቁ።

መሐንዲሱ፦ የአካባቢው አቧራ ሳይለካ ማስተካከያ አልጠይቅም።

ነርሷ፦ እንግዲያውስ ይለካ፤ ናሙናው ግን ከአስፋልት ብቻ ሳይሆን ከሕፃናት መዋያ ወለልና ከመስኮት ደፍም ይወሰድ፤ በጨጓራ አሲድ የሚሟሟውም ለብቻው ይመዝገብ። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ለመወልወልና የልጆችን እጅ ከምግብ በፊት ለማጠብ ግን የማንንም ልኬት አንጠብቅም።