ለፍላይት ሲሙሌተር ህንፃና ሃንጋር ለመስራት ለጀማሪ የሚሻለው ሶፍትዌር የቱ ነው?

ሰማይ_ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲሙሌተር ላይ መብረር ከጀመርኩ ቆየሁ፣ አሁን ግን ትናንሽ ኤርፖርቶች ላይ ያለው ነገር አላረካኝም፣ በፎቶ አይቼ የማውቀው ተርሚናል ሲሙሌተሩ ውስጥ ተራ ሳጥን ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ሃንጋሩ፣ የአውሮፕላኑ ማቆያ ማለቴ ነው፣ ጭራሽ የለም፣ የመቆጣጠሪያ ታወሩም ያለቦታው ነው የቆመው። እና ራሴ ልስራው ብዬ ተነሳሁ። ስሪዲ ሞዴሊንግ ግን ነክቼ አላውቅም። ሳነብ አንዱ ብሌንደር ይላል፣ አንዱ ስኬችአፕ፣ ሌላው ያለ ስሪዲኤስ ማክስ አይሆንም ይላል፣ ደሞ ጂማክስ የሚባል ነገር የሚያነሱም አሉ፣ በቃ ግራ ገባኝ። የምበረው ኤክስፕሌን 12 ላይ ነው፣ ወደፊት የማይክሮሶፍቱንም እሞክራለሁ። ነፃ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ከሁሉም በላይ ግን ዛሬ ተምሬው ነገ የምጥለው እንዳይሆን ነው የምፈልገው። ከየት ልጀምር?

ፋይናል_አፕሮች፦
ወንድሜ የትኛው ለመሳል ይቀላል ብለህ ከተነሳህ መልሱ አያልቅልህም። መጀመሪያ የሚታየው ሲሙሌተርህ የሚያነበውን ፋይል የሚያወጣልህ የቱ ነው የሚለው ነው። ኤክስፕሌን የሚያነበው ኦቢጄ የሚባል የራሱን የፋይል አይነት ነው፣ ስሙ ከተለመደው የስሪዲ ኦቢጄ ጋር አንድ ነው እንጂ ውስጡ ሌላ ነው፣ ስለዚህ ከየትኛውም ፕሮግራም ኦቢጄ ብለህ ሴቭ ስላደረግክ አይከፍትልህም። የማይክሮሶፍቱ ጂኤልቲኤፍ የሚባለውን ነው የሚፈልገው፣ ፍላይትጊር የሚባለው ነፃ ሲሙሌተር ደሞ ኤሲ የሚባለውን ይወዳል። ብሌንደር ለሶስቱም ፋይሉን ኤክስፖርት የሚያደርግ አድኦን፣ ተጨማሪ ቅጥያ ማለት ነው፣ አለው፣ ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሰራል። ልዘልቅበት ካልክ እሱን ያዝ። ስሪዲኤስ ማክስ አሪፍ ነው ግን በየጊዜው ይከፈልበታል፣ ለመማር ብለህ እዛ ውስጥ አትግባ። ጂማክስ የኤፍኤስኤክስ፣ የድሮው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር፣ ዘመን ነገር ነው፣ እርሳው።

ግን አንድ ነገር ስማኝ፣ ብሌንደርን ከመክፈትህ በፊት ወርልድኤዲተር የሚባለውን የኤርፖርት ማዘጋጃ አውርድ፣ የኤክስፕሌን ሰሪዎች ላሚናር ራሳቸው በነፃ የሚሰጡት ነው። እዛ ውስጥ ከኤክስፕሌን ላይብረሪ ዝግጁ የሆኑ ሃንጋሮች፣ ታወሮች፣ አጥሮች፣ መኪኖች እያነሳህ ታስቀምጣለህ። ፋሳድ የሚባልም አለ፣ የህንፃውን ዙሪያ መሬት ላይ ትስላለህ ከዛ ግድግዳውን ራሱ ያቆምልሃል። ያልከው ኤርፖርት ግማሹ በዚህ ብቻ ሊስተካከል ይችላል፣ አንድም ነገር ሞዴል ሳታደርግ። ከዛ በኋላ ላይብረሪው ውስጥ የጠፋውን፣ ያንን ተርሚናል ማለት ነው፣ ለብቻው ትሰራለህ። ሞዴሊንግ የሚሰለቸው ብዙ ጊዜ ሙሉ ኤርፖርት ከባዶ ልስራ ብሎ የጀመረ ሰው ነው።

ዊንድሶክ፦
የወርልድኤዲተሩን ሃሳብ እደግፋለሁ፣ ብሌንደር ላይ ግን ቀጥታ ግባ የሚለው አልተዋጠልኝም። ህንፃ እኮ ነው የሚሰራው! ስኬችአፕ ላይ አራት ማዕዘን ትስላለህ፣ ወደ ላይ ትጎትታለህ፣ ግድግዳ ሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን የሆነ ነገር ቆሞ ታያለህ፣ ለጀማሪ ሞራል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለኤክስፕሌን ኤክስፖርት የሚያደርግ ኤክስቴንሽንም አለው። ችግሩን አልደብቅህም፣ በብሮውዘር የሚሰራው ነፃ ስኬችአፕ ኤክስቴንሽን አይቀበልም፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ነፃ ቨርዥን ደሞ በ2017 ነው የቆመው። ያ ካለህ ግን አትናቀው።

ሰማይ_ወዳድ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዊንድሶክ ያልከው ይማርካል፣ ግን በ2017 የቆመ ነገር ላይ መጀመር ትንሽ ፈራሁ። ብሌንደርን ከፍቼ አየሁት፣ የበተኑ ብዛት! ከዛ ሁሉ ለህንፃ የሚያስፈልገኝ የቱ ነው?

ታክሲዌይ_አልፋ፦
ወንድሜ አይዞህ፣ ከዛ ሁሉ በተን ለሃንጋር የምትፈልገው በጣም ጥቂቱን ነው። ኤክስትሩድ (ፊቱን ጎትቶ ማውጣት)፣ ሉፕ ከት (ዙሪያውን መቁረጥ)፣ ቤቨል (ጠርዙን ማለስለስ)፣ ዩቪ አንራፕ (ምስል እንዲለጠፍበት ቅርፁን ዘርግቶ መተርተር)፣ በቃ። ስካልፕቲንግ፣ አኒሜሽን፣ ሬንደሪንግ የሚባሉትን ለጊዜው እንደሌሉ ቁጠራቸው። ትምህርት ስትፈልግም ከ2.8 በፊት የነበሩትን ቪዲዮዎች ዝለላቸው፣ እዛ ላይ ገፅታው በሙሉ ስለተቀየረ የሚያሳዩህን በተን ፈልገህ አታገኘውም። አድኦኑ የትኛውን የብሌንደር ቨርዥን እንደሚደግፍም ከመጫንህ በፊት እየው፣ አዲሱ ቨርዥን ላይ አድኦኑ ላይሰራ ይችላል።

ልኬት ላይ ከመጀመሪያው ጠንቃቃ ሁን። ብሌንደር ውስጥ አንድ ዩኒት አንድ ሜትር ነው፣ ስትከፍተው የሚጠብቅህ ኪዩብ በየጎኑ 2 ሜትር ነው፣ የበር ቁመት አካባቢ ማለት ነው፣ እሱን አጠገብ አቁመህ ህንፃህን አመዛዝን። መጠን ከቀየርክ ኮንትሮል ኤ ብለህ ስኬሉን አፕላይ አድርግ፣ አዲሱን መጠን አፅድቅ ማለት ነው። ኦሪጂኑን፣ የሞዴሉን መነሻ ነጥብ ማለት ነው፣ ወለሉ ላይ አድርገው፣ አለዚያ ህንፃው አየር ላይ ይንሳፈፋል ወይ ግማሹ መሬት ውስጥ ይገባል። ግድግዳ ከጠፋብህ ደሞ ፊቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው፣ የፊቱን አቅጣጫ በቀለም የሚያሳየውን ፌስ ኦሪየንቴሽንን አብራው፣ ከውጪ ስታየው ቀይ የሆነውን ሺፍት ኤን ያዞርልሃል።

ከሁሉ የምለምንህ ግን ቴክስቸሩን፣ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈውን ምስል፣ ነው። መስኮቱን፣ የቆርቆሮውን ሽንሽን፣ ቧንቧውን ሁሉ በጂኦሜትሪ አትስራ፣ ቴክስቸሩ ላይ ሳለው፣ አብራሪው የሚያየው ከሩቅ ነው። ኤክስፕሌን ላይ አንድ ኦቢጄ የሚይዘው አንድ የቴክስቸር ገፅ ነው፣ ስለዚህ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ በሩን በአንድ ምስል ላይ አደላድለው። ምስሉን ለመሳል ጂምፕ ወይ ክሪታ ይበቃሃል፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። መጠኑ በየጎኑ 1024 ወይ 2048 ፒክስል ይሁን፣ ባለ 4096 አንድ ምስል ሳይጨመቅ ሜሞሪ ላይ 64 ሜጋባይት ነው የሚይዘው፣ የ1024ቱ ግን 4 ብቻ፣ ለአንድ መጋዘን ያን ያህል ለምን ታባክናለህ። ለማታ በስሙ መጨረሻ ላይ ሊት የሚል የተጨመረበት ሁለተኛ ምስል ታዘጋጃለህ፣ የበራው መስኮት ብቻ ቀለም ኖሮት ሌላው ጥቁር የሆነ፣ ማታ ስታርፍ ታየዋለህ፣ ደስ ሲል!

ክሮስዊንድ፦
ወደ ማይክሮሶፍቱ ስትሻገር ሞዴሉ ራሱ ነው የሚሄደው፣ የሚቀየረው ማቴሪያሉ ነው። እዛ የሻካራነትና የብረትነት ቴክስቸር ይጨመራል፣ ዴቭ ሞድን፣ የሰሪዎቹን ሁነታ፣ ከሴቲንግ ታበራለህ፣ ኤስዲኬውን፣ የመስሪያ መሳሪያዎቹን ጥቅል፣ ከዛው አውርደህ የሲሙሌተሩን ሰሪ የአሶቦን የብሌንደር ኤክስፖርተር ትጭናለህ። ማስቀመጫው ሲነሪ ኤዲተር ነው፣ ሲሙሌተሩ እየሰራ እዛው ላይ ታቆመዋለህ። የድሮ የኤፍኤስኤክስ ሞዴል ካለህ ሞዴልኮንቨርተርኤክስ የሚባል ነፃ ቱል ይቀይርልሃል።

አንድ ልጨምር፣ ለሌላ ሰው የምታጋራው ከሆነ ቴክስቸሩን ከየትም ካገኘኸው ፎቶ አትቁረጥ፣ ራስህ ያነሳኸውን ወይ ፈቃዱ በግልፅ የተፃፈበትን ተጠቀም። ከኢንተርኔት የምታወርደው ዝግጁ ሞዴልም እንደዛው ነው፣ ደሞ አብዛኛው ለሬንደር የተሰራ ስለሆነ ፖሊጎኑ፣ ቅርፁ የተሰራበት ቁራጭ፣ ይበዛል፣ ፍሬምህን ይበላዋል፣ ሲሙሌተሩ ይንቀረፈፋል።

ሰማይ_ወዳድ፦
እሺ፣ ወርልድኤዲተሩን እያወረድኩ ነው። መጀመሪያ አጥሩንና መኪና ማቆሚያውን ከላይብረሪው እሞላለሁ፣ ከዛ ሃንጋሩን በብሌንደር። ታክሲዌይ አልፋ፣ ጣራው ክብ ቅርፅ ያለው ነው፣ ለሱ ስንት ፌስ፣ ጠፍጣፋ ቁራጭ ማለቴ ነው፣ ይበቃል?

ታክሲዌይ_አልፋ፦
ከ12 እስከ 16 ቁራጭ ብታደርገው ይበቃል፣ ቁራጮቹን አለስልሶ የሚያሳየውን ሼድ ስሙዝ ስትለው ከራንዌይ ላይ ክብ ሆኖ ነው የሚታይህ። የፊትና የኋላው ግድግዳ ከጣራው የሚገናኝበትን ጠርዝ ግን ሻርፕ፣ ያልለሰለሰ፣ አድርገው፣ አለዚያ ጥላው ጠርዙ ላይ ይበላሻል።