የዓይን መድን ውል መጣልን፤ እንፈርም ወይስ እንቆይ? (ዳላስ)

የጋርላንዷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ኦፕቶሜትሪስት (ዓይን መርምራ መነጽር የምታዝ ሐኪም) ናት። ጋርላንድ ውስጥ ትንሽ የዓይን ክሊኒክ ከፍታለች፣ እኔ የወረቀቱን ሥራ እይዝላታለሁ። አንድ የዓይን መድን ድርጅት 41 ገጽ ውል ላከልን። ሦስት ነገር አስጨንቆኛል። ሌንስ እነሱ በመረጡት ላብ (ሌንስ የሚሠራ ላብራቶሪ) ካልተሠራ ክፍያው ይቀንሳል። መድኑ ሳንቲም የማይከፍልበትን ሁለተኛ መነጽር ደንበኛው በራሱ ገንዘብ ቢገዛ እንኳ 20 በመቶ ቀንሱለት ይላል። የክፍያ ዝርዝሩንም መቀየር ይችላሉ፤ ዝም ካልን ተስማምተናል ማለት ነው። ሌሎች የሐበሻ ክሊኒኮችን አስተባብረን «በዚህ ዋጋ አንሠራም» ብንላቸውስ?

ቢሊንጓ፦ የኔ እህት፣ እንዳትፈርሙ! ቴክሳስ በ2023 ኤችቢ 1696 የሚባል ሕግ አውጥታለች፣ ከዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ይሠራል። ሌላ ላብ መረጣችሁ ብሎ ለዚያው ሥራ የተለየ ክፍያ መክፈል አይፈቀድም። የ20 በመቶውም ነገር እንደዚያው ነው። እነሱ የማይከፍሉበትን ዕቃ ዋጋ በውል ሊወስኑባችሁ አይችሉም፣ ይሄ እንዲያውም ከዚያ በፊትም የነበረ ነው። አንቀጹን ጠቅሳችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ በስልክ አይሁን። ስልክ ላይ ሁሉም «ችግር የለም» ይላል።

የቦሌ ልጅ፦ ሕጉ ጥሩ ነው ግን ሁሉን አይሸፍንም። ትልቅ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ወጪውን ራሱ የሚሸፍነው የመድን ዕቅድ ከሆነ፣ በ1974ቱ ኤሪሳ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ሥር ስለሚወድቅ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ላይነካው ይችላል። ደግሞ ከኤችቢ 1696 አንዳንዱ አንቀጽ ፍርድ ቤት ደርሶ ክርክር ተነስቶበታል፣ ስለዚህ የቆየ ጽሑፍ አንብባችሁ እንዳትተማመኑ። ለምን እንዲህ እንደሚያጠብቁ ከፈለግሽ፣ ባለቤቱን እዪ። አይሜድ የሚባለው መድን የኤሲሎርሉክሶቲካ ነው። ሌንስክራፍተርስ የሚባለው የመነጽር ሱቅም የሱ ነው። ሌንሱም፣ ፍሬሙም፣ ሱቁም፣ መድኑም አንድ ቤት! የናንተን ማን እንደላከው አላውቅም፣ ግን አንዳንዴ ከፋያችሁ ተፎካካሪያችሁም ነው።

ጋሼ መነጽር፦ ልጄ፣ የማስተባበሩን ነገር ተዪው። ለየብቻ የሚሠሩ ክሊኒኮች ተሰብስበው ዋጋ ከተስማሙ ሸርማን የሚባለው የ1890ው የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ይይዛችኋል። ቡና ላይ ተቀምጦ «ስንት ይከፍሉሃል፣ እኔም ከዚያ በታች አልቀበልም» ማለት ለእኛ ጨዋታ ነው፣ እዚህ ግን መከሰሻ ነው። ስለ ሕጉ አብራችሁ ለተመራጮች አቤት ማለት ግን መብታችሁ ነው። እምቢ ካሏችሁ ደግሞ ለቴክሳስ የመድን ቢሮ አቤቱታ ይቀርባል። ሐኪሟ ራሷ ማቅረብ ትችላለች።

ቢሊንጓ፦ ጋሼ እውነት ነው። ሂሳቡንም ሥሩ እባካችሁ። እኛ ጋ አንዱን ዕቅድ በወረቀት ስናሰላው የፍሬሙን፣ የላቡንና የምርመራውን ሰዓት ወጪ ቀንሰን ለአንድ ደንበኛ 11 ዶላር ተረፈን። አለመፈረምም ምርጫ ነው።

የጋርላንዷ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አንድ የመጨረሻ፤ ገጽ 19 ላይ «በአቅራቢዎች መመሪያው መሠረት» ይላል፣ አቅራቢ የሚለው እንደኛ ያሉትን ክሊኒኮች ነው። መመሪያው ግን አልተላከልንም።

ጋሼ መነጽር፦ እሱ ነው ዋናው ውል። የክፍያ አመላለሱ፣ ኦዲቱ፣ ቅጣቱ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። መጀመሪያ ላኩልን በያቸው።