ከልጆች ጋር መሥራት ለአዋቂ ምን ያስተምራል? «ትዕግሥት» ከሚለው ያለፈ መልስ እፈልጋለሁ

ጀማሪ ረዳት
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ልጆች ክፍል በረዳትነት ልጀምር ነው፤ እስካሁን የሠራሁት ከአዋቂዎች ጋር ብቻ ነው። «ከልጆች ብዙ ትማሪያለሽ» የማይለኝ ሰው የለም። ምኑን ብዬ ስጠይቅ ግን መልሱ ከ«ትዕግሥት» አያልፍም። በተግባር የሚታይ ነገር ንገሩኝ፤ ምን ይደረጋል? የት ላይ ይበላሻል? ከአዋቂ ጋርስ የሚሠራው የትኛው ነው?

የሕፃናት መምህርት
እህቴ፣ ትልቁ ትምህርት አነጋገርን ማረም ነው። አዋቂ ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል፤ የዚህ ዕድሜ ልጅ ግን ካልገባው ጥሎሽ ይሄዳል። ስለዚህ ትእዛዝሽ ሳይፈጸም ሲቀር ከልጁ በፊት ትእዛዙን መርምሪ።

«መጫወቻውን ሰብስባችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ጫማችሁን አድርጋችሁ በሩ ጋ ተሰለፉ» ብትዪ አራት ሥራ ነው ያዘዝሽው። ብዙዎቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ በሩ ጋ ይገኛሉ። እምቢተኝነት አይደለም፤ አራቱን ባንዴ በአእምሯቸው መያዝ ስለማይችሉ ነው። ጠጋ በዪ፣ ስሙን ጥሪ፣ ዓይኑ ዓይንሽ ላይ እስኪያርፍ ቆዪ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ንገሪ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ካለቀ በኋላ ይምጣ። «ገባህ?» አትበዪ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «መጀመሪያ ምን ልታደርግ ነው?» ብለሽ በራሱ አፍ አስነግሪው።

የሚደረገውን እንጂ የማይደረገውን ብቻ አትንገሪ። «አትሩጥ» የተባለ ልጅ በሩጫው ፈንታ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ማሰብ አለበት፤ «ቀስ ብለህ ተራመድ» ግን ሥራውን ይሰጠዋል። ደግሞም እምቢታን የማትቀበዪ ከሆነ ትእዛዙን ጥያቄ አታስመስዪው። «አሁን እንሰብስብ?» ካልሽ «አይ» ማለት መብቱ ነው። ምርጫ መስጠት ከፈለግሽ ሁለት አማራጭ አቅርቢ፤ ሁለቱም አንቺ የምትስማሚባቸው ይሁኑ።

ለሥራ ባልደረባም ያው ነው። አምስት ጥያቄ ባንድ መልእክት ልከሽ ለአንዱ ብቻ መልስ ካገኘሽ ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ።

የንግግር ባለሙያ
እኔ ዝምታን እጨምራለሁ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳዩ። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ።

ጥበቃው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ከጥያቄው በኋላና ከመልሱ በኋላ። የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው። ልጁ ተናግሮ ሲያቆም ወዲያው «ጎበዝ!» ካልሽ ሊያክል የነበረውን ትቆርጪዋለሽ። በዝምታው መሀል ጥያቄውን በሌላ ቃል መድገምም አይጠቅምም፤ ልጁ የጀመረውን ሐሳብ ጥሎ አዲሱን ጥያቄ ማሰላሰል ይጀምራል። የሚንተባተብ ልጅ ከሆነ ቃሉን አትጨርሺለት። «ይህ ቀለም ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ ግን ረጅም ጥበቃ አያስፈልግም፤ ጥበቃው ለሚያሳስብ ጥያቄ ነው።

ስብሰባ ላይ «ጥያቄ አለ?» ተብሎ በቅጽበት «እሺ፣ እንቀጥል» ሲባል ጥፋቱ ይኸው ነው። «የትኛው ክፍል ግልጽ አይደለም?» ብሎ በልብ እስከ አምስት መቁጠር ብዙ ይለውጣል።

ጀማሪ ረዳት
በጣም አመሰግናለሁ። ልጁ ሲናደድስ? እኔስ ብናደድ?

የሕፃናት መምህርት
ልጁ እየጮኸ ሳለ ማስረዳት ከንቱ ነው። ከቁመቱ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ስሜቱን በአጭሩ ጥሪለት፦ «ግንቡ ስለፈረሰ ተናደሃል»። «ለምን?» የሚለው ትንፋሹ እስኪረጋ ይቆይ። ወሰኑ ግን አይነሣም፤ «መምታት አይቻልም» ብለሽ እጁን በቀስታ ያዢ።

አንቺ ከጮኽሽ ይቅርታ ጠይቂ። ሦስት ነገር ይበቃል፤ ያደረግሽው፣ ልክ አለመሆኑ፣ በሚቀጥለው የምታደርጊው። «ጮኽኩብህ። መጮኽ አልነበረብኝም። ሌላ ጊዜ ቀርቤ እነግርሃለሁ።» መጨረሻ ላይ «ግን አንተም…» ከተጨመረ ይቅርታው ክስ ይሆናል። ለአዋቂዎች የሚከብደን ይህች «ግን» ናት፤ ባልና ሚስትም አለቃና ሠራተኛም የሚጣሉባት እሷ ናት።

የክፍል አስተባባሪ
አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁሉም ነገር እንዳለ ወደ አዋቂ አይዛወርም። ለልጅ የሚሆነው የሚያባብል ድምፅ አዋቂን ያስቀይማል።

ምስጋና ላይ ግን ሁለቱም ይገናኛሉ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ «ብልህ ነህ» የተባሉ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲከብዳቸው በጥረታቸው ከተመሰገኑት ቀድመው ተስፋ ቆረጡ። ስለዚህ ያየሽውን ሥራ ስም ሰጥተሽ አመስግኚ፦ «ሲፈርስብህ ትልቁን ከሥር አደረግኸው»። ያልተለፋበትን «እንዴት ለፋህ!» ማለት ግን ውሸት ነው፤ ልጅም ሠራተኛም ያውቀዋል።