ስፓኒሽ አነባለሁ፣ ሲነገር ግን አልሰማም

ስፔን፣ ሳላማንካ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል የቋንቋ ትምህርት ቤት በሳምንት 20 ሰዓት ስፓኒሽ መማር ከጀመርሁ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። በቅርቡ ዴሌ ለሚባለው የስፓኒሽ ችሎታ መመዘኛ፣ በመካከለኛው ደረጃ በቢ1፣ ፈተና ተቀምጬ ነበር። ፈተናው ንባብና ጽሕፈትን በአንድ ምድብ፣ ማዳመጥና ንግግርን በሌላ ምድብ አድርጎ እያንዳንዱን ከ50 የሚያርም ሲሆን፣ ለማለፍ ከሁለቱም ቢያንስ 30 ማምጣት ግድ ነው። እኔ በመጀመሪያው 41 አግኝቼ በሁለተኛው 26 ላይ ቀረሁ፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለማይሞላ ወደቅሁ፣ ስደግምም ሁሉንም እንደ አዲስ እፈተናለሁ።

ችግሩ ያለው ጆሮዬ ላይ ነው። መምህራችን ቃላቱን ነጣጥላ ስለምትናገር አንድም አያመልጠኝም። አብሮኝ የሚኖረው ስፔናዊ ግን ማታ ሲገባ፣ ደከመኝ ለማለት «ካንሳዶ» የሚለውን ቃል «ካንሳኦ»፣ ወደ ፊት ማለት የሆነውን «ፓራ አዴላንቴ» ደግሞ «ፓላንቴ» እያለ ስለሚውጠው፣ በጽሑፍ አሳምሬ የማውቃቸው ቃላት መሆናቸው የሚገባኝ ጨዋታው ካለፈ በኋላ ነው።

በየቀኑ አንድ ሰዓት ሬዲዮ አዳመጥሁ፤ ፊልምም በስፓኒሽ ጽሑፍ ታጅቦ አየሁ፤ ዓይኔ እያነበበ ጆሮዬን ያሳረፈው ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱ የሰዋስው ውጤቴን ብቻ አይቶ ወደ ቀጣዩ ደረጃ፣ ወደ ቢ2፣ አሳልፎኛል። በእጄ የቀረው ገንዘብ ወይ ለአራት ሳምንት የቢ2 ክፍል፣ ወይ ለ15 ሰዓት የግል የንግግር ትምህርት ይበቃል እንጂ ለሁለቱም አይሆንም፤ ለፈተናው ደግሞ ሦስት ወር ቀርቶታል።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ጆሮዬን ለማቅናት ከሁለቱ የትኛውን ብመርጥ ይሻለኛል?