ከልጆቹ ጋር ወደ ባሕር፦ ለዛጎል ቀን የምናስገባው ዕቅድ

አስተባባሪ፦ ሰላም ሁላችሁም። በፋሲካ ዕረፍት ልጆቹን እዚህ እስራኤል፣ ናታኒያ ከተማ የባሕር ዳርቻ ልናወርዳቸው ነው፤ እሱ አልቋል። የቀረው ምን እንደምናሠራቸው ነው። ማትናሱ (የሰፈሩ ማኅበረሰብ ማዕከል) አንድ ገጽ ዕቅድ ከነበጀቱ ጠይቆናል። 24 ልጆች አሉን፣ ከ6 እስከ 10 ዓመት። የኔ ሐሳብ፦ ዛጎል ይልቀሙ፣ ፎቶ ፍሬም ላይ ይለጥፉ፣ ቀለም ይቀቡ፣ ጀሶ ላይ ያትሙ፣ በኮምጣጤ ሙከራ ይሥሩ፣ ውድድርም ይኑር። እስቲ ጨምሩበት።

የሦስት ልጆች እናት፦ እቴ፣ ከመጨመር መቀነሱ ይሻላል። ፍሬሙ በተለይ ይቅር። አምና ልጄ ከሌላ ቦታ ሠርታ አመጣችና ሳሎን ሰቀልነው። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሸተተ። ፍሪጅ አጠብን፣ ምንጣፍ አነሣን፣ የለም። ለካ አንዱ ዛጎል ውስጥ ሥጋ ቀርቶበት ኖሯል። ፍሬሙ ከነፎቶው ተጣለ።

ገንዘብ ያዥ፦ ትኩስ ሙጫም ጣት ያቃጥላል። እኔም ይቅር ባይ ነኝ።

አስተባባሪ፦ በደንብ ብናጥበውስ? ማታ በረኪና ውስጥ እናሳድረው፣ ጠዋት እዚያው ጠረጴዛ ላይ የኮምጣጤውን ሙከራ እንቀጥል።

የሳይንስ አስተማሪ፦ ቆይ ቆይ! በረኪናና ኮምጣጤ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙም። ከተቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። በረኪናው ጭራሽ አይምጣ። ባዶ ዛጎል ብቻ ከተለቀመ ንጹሕ ውሃና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። ኮምጣጤው ግን ይኑር። ዛጎል እንደ እንቁላል ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አንድ ስባሪ ብርጭቆ ውስጥ ጣል ታደርጊና ኮምጣጤ ታፈሺበታለሽ፤ ወዲያው አረፋ እየሠራ ይፍለቀለቃል። አምስት ደቂቃ ነው፣ ልጆች ይወዱታል። ጀሶውን ግን ተዪው። ሲጠጥር ይግላል፤ እጁን ከትቶ የሚያቆይ ልጅ አይጠፋም።

እማማ (የልጅ ልጅ እየጻፈችላቸው)፦ ዛጎል ዛጎል ትላላችሁ፣ የትኛውን ነው? ዛጎል ሆዱ የተሰነጠቀ፣ ጥርስ ያለው፣ አንቀልባ ላይ የሚሰፋው ነው። እናንተ ከአሸዋ የምታነሡት ቅርፊት ነው።

አስተባባሪ፦ እማማ ልክ ነዎት። ልጆቹማ ሁሉንም በዕብራይስጥ “ጽዳፊም” ብለው ይገላገሉታል።

እማማ፦ ከጎንደር ይዤው የመጣሁት አንቀልባ አለኝ። ጠርዙ ዙሪያውን ዛጎል ነው። ለጌጥም ነው፣ ለቡዳም ነው። ሁለቱ ወልቀዋል፣ ክራቸው ግን ተንጠልጥሎ አለ። ላምጣው?

(የልጅ ልጅ ነኝ፦ “ጎንደር ባሕር የለ፣ ዛጎሉ ከየት መጣ?” ብዬ ጠየቅኳት። “ከገበያ ነዋ!” አለችኝ። ነጋዴ በቀይ ባሕር በኩል ያመጣው ነበር።)

የሦስት ልጆች እናት፦ ይኸው! አንቀልባው ይምጣ፣ ልጆቹ በእጃቸው ይዳስሱት። እኔ ይሄን በአሥር ፍሬም አልለውጠውም።

እማማ፦ ገበጣስ? እኛ መሬት ቆፍረን በጠጠር ነበር የምንጫወተው።

የሳይንስ አስተማሪ፦ እማማ ጨረሱት! አሸዋው ላይ በእጅ 12 ጉድጓድ፣ ስድስት ስድስት በሁለት ረድፍ። በየጉድጓዱ 4 ቅርፊት፣ በጠቅላላው 48። ካርቶን አይገዛም፣ ፕላስቲክ አይገዛም።

ገንዘብ ያዥ፦ 24 ልጅ ሁለት ሁለት ሆኖ ከተጫወተ 12 ገበጣ ነው። 576 ቅርፊት ከየት ይለቀማል? ባሕሩን ባዶ ልናስቀረው ነው እንዴ!

የሳይንስ አስተማሪ፦ ጋሼ፣ አራት አራት ሆነው በቡድን ይጫወቱ። ስድስት ገበጣ፣ 288 ቅርፊት። ሲያበቃ ሁሉም ወደ አሸዋው ይመለሳል። ባዶ ቀንድ አውጣ መሳዩን ትንንሽ ሸርጣን ቤት ያደርገዋል፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ካለማ ጭራሽ አይነሣም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ወደ ቤት ምንም ሳይዙ ከተመለሱ ለቅሶ ነው። እኔ ልጆቼን አውቃቸዋለሁ።

የሳይንስ አስተማሪ፦ ለእያንዳንዱ አምስት ይበቃል፣ ክር ላይ የሚሰካ። መብሻ አያስፈልግም። እዚህ ባሕር ዳር የሚበዛው ክብ፣ ወፍራም ቅርፊት ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ አለው። ማዕበልና አሸዋ ፍቆ ያወጣዋል፤ ዳሩ ወጣ ገባ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ በመብሻ የተበሳ የሚመስል ልክክ ያለ ክብ ታገኛላችሁ። እሱ የሥጋ በል ቀንድ አውጣ ሥራ ነው፤ ቅርፊቱን ቦርቡሮ ባለቤቱን በልቶታል። “የበላው ማን ነው?” ብለን እናስፈልጋቸው። ከማንኛውም ውድድር ይበልጣል።

ደግሞ ናዝሬት አጠገብ ቃፍዜህ ዋሻ ውስጥ እንዲሁ ጫፋቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው ቅርፊቶች ተገኝተዋል፤ ከ90,000 ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ከባሕሩ በአሥሮች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ተሸክመዋቸው ነው የሄዱት። ይሄን ክሩን ሲሰኩ እነግራቸዋለሁ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። ትምህርት ቤት አናስመስለው።

አስተባባሪ፦ ቀኑስ? ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ አይሆንም። አንዷ “ክረምቱ ድረስ እንቆይ” ብላኝ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰኔና ሐምሌ ላይ ጄሊፊሽ ሲመጣ ዳርቻው ሁሉ የሚያቃጥል ነገር ይሆናል። አሁኑ ይሻላል። ዓርብ ጠዋት ይሁን፣ እናቶች ለሰንበት ዝግጅት እንዲደርሱ። እማማን ገደሉን በሚያወርደው በሲሮኒት ዳርቻ ሊፍት እናውርዳቸው፤ ደረጃው አይቻልም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ከገደሉ ሥር ማንም እንዳይቀመጥ ይጻፍልኝ፤ ይናዳል። ታናናሽ ወንድምና እህት ከመጣ ደግሞ ትንንሹ ቅርፊት ይራቅ፣ አፋቸው ውስጥ ይከታሉ።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ የሚገባው ይሄ ነው። “ዓርብ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት። መጀመሪያ ለቀማና ‘የበላው ማን ነው?’። ከዚያ በስድስት ቡድን የአሸዋ ገበጣ፣ አያቶች እየዳኙ። የኮምጣጤ ሙከራ፣ አንድ ጊዜ፣ በአስተማሪው እጅ። መጨረሻ ላይ አንቀልባው መካከል ይቀመጥና ልጆቹ ዙሪያውን ሆነው አምስት አምስት ቅርፊት ክር ላይ ይሰካሉ። ውሃ ውስጥ መግባት የለም። ለአራት ልጅ አንድ አዋቂ።” ፍሬም፣ ቀለም፣ ጀሶ ወጥተዋል። ጋሼ፣ ወጪው?

ገንዘብ ያዥ፦ የሰም ክር፣ ኮምጣጤ፣ ስድስት ባልዲ፣ ውሃና መክሰስ። ባልዲውን ከየቤታችን ካመጣን 150 ሸቀል አይሞላም። እኔ ሁለት አለኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ ሦስት። አንዱ እጀታ የለውም።

አስተባባሪ፦ ዛሬ ማታ አስገባዋለሁ። እማማ፣ አንቀልባውን በፕላስቲክ ይጠቅልሉልን እንጂ፣ አሸዋ እንዳይገባበት።

እማማ፦ ልጅ አዝዬበት ጤፍ አርሜያለሁ። አሸዋ ምን ያደርገዋል?